የጋሽ ሎምቤቦ ረዳት

ጋሽ ሎምቤቦ ወደ ጌታ መሄዳቸውን ያነበብኩት ከስልኬ ላይ ነው። ማንም ደውሎ አልነገረኝም። በመዘምራኑ የቴሌግራም ግሩፕ «ወንድማችን ሎምቤቦ ዛሬ ጠዋት ወደ ጌታ ሄደዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ አንዱ ቀልበ ቢስ የአውራ ጣት ምልክት አድርጎበታል። ማን እንደሆነ አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሱሪውን እንዳሳጥርለት ሱቄ የመጣ ቀን ግን እስከ ጉልበቱ ነው የማሳጥርለት።

መቀሴን አስቀመጥኩ። እጄ ላይ የተጀመረ የተማሪ ዩኒፎርም ነበር፤ እሱንም ወደ ጎን አልኩት። ከዚያ ዓይኔ ወደ በሩ መቃን ሄደ፣ እዚያው ቀረ።

ጋሽ ሎምቤቦ አዲስ ከተማ ያለችው የስፌት ሱቄ ሲመጡ ገና «እንዴት ዋልሽ ማርታ» ሳይሉ ያንን መቃን በመዳፋቸው አንዴ ይመቱታል። ጨዋታቸውን ጨርሰው ሲነሡ ደግሞ ሁለቴ ይመቱትና ይወጣሉ። የጭነት መኪና ቋንቋ ነው። ረዳቱ ከኋላ ሆኖ መኪናውን አንዴ ከመታ ሾፌሩ ይቆማል፤ ሁለቴ ከመታ ይሄዳል። ዕድሜያቸውን በዚህ ቋንቋ ስለኖሩ ከመሪው ሲወርዱም አልተዋቸውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ጸሎት ሲያልቅ አግዳሚውን ሁለቴ መታ መታ አድርገው ነው የሚነሡት። አንድ እሑድ ስብከቱ በጣም ረዘመ፤ ጋሽ ሎምቤቦ ሳይታወቃቸው አግዳሚውን አንዴ ቧ አደረጉት፤ ፓስተራችን ደንግጦ «አሜን» ብሎ ወረደ። ሰውየው እስከ ዛሬ የጌታ ምልክት ነው ብሎ ያምናል።

አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበሩ። ዓመት እስከ ዓመት የሚለብሱት አንድ የካኪ ጃኬት ነበራቸው፤ ኮሌታው በተበላ ቁጥር እየፈታሁ፣ እየገለበጥኩ መልሼ እሰፋላቸዋለሁ። «አዲስ ልስፋልዎት» ስላቸው «ይሄ መንገዱን ያውቀዋል» ይሉኛል። እንዴት ነዎት ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «በሁለተኛ ማርሽ፣ ጌታ ይመስገን።» ስቸኩል ካዩኝ ደግሞ «ችኩል ሾፌር ከገበያው በፊት ጎሚስታ ቤት ይደርሳል» ብለው ይተርቡኛል። እኔ የምቸኩል ሰው ነኝ፤ በስፌትም በንግግርም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የወደድኳቸው። እሳቸው ዘንድ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም።

መኪናቸው ኤንትሬ ነበር፤ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ሲነሣ ሰፈር የሚቀሰቅስ የድሮ የጣልያን የጭነት መኪና። ለብዙ ዓመት የሰው ረዳት ሆነው ሠርተው፣ ኋላ ሾፌር ሆነው፣ በስተርጅና አካባቢ ነው የራሳቸው ያደረጉት። በገዙት ሰሞን ረዳት መቅጠር ስላልቻሉ ከኋላ ተቀምጠው የሚመቱት ሚስታቸው እትዬ ኤርጎጌ ነበሩ። ሴትዮዋ በነጠላቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመው፣ በበቆሎ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠው፣ እየዘመሩ ሲያልፉ ያዩ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል።

እትዬ ኤርጎጌ ከመዘምራናችን መሥራቾች አንዷ ናቸው። በየዓመቱ የምሥረታው በዓል ሲደርስ ከአዲስ ከተማ ተነሥተን፣ በባህል አዳራሽ በኩል አልፈን፣ እስከ ሐይቁ ዳር በእግራችን እየዘመርን እንሄዳለን። ከፊት የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው ማይክ አይፈልግም፤ እኛ ከኋላ ያለን ወጣቶች ማይክ ይዘን እንኳ አንደርስባቸውም።

ከዚያ ስትሮክ መታቸው። ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም ከበደ። ጋሽ ሎምቤቦ በዚያው ሰሞን ኤንትሬውን ግቢያቸው ውስጥ ካለው አቮካዶ ሥር አቁመው ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ሚስታቸውን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ ያዙ። ዶሮዎች ጋቢናው ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ። የአሮጌ ብረት ነጋዴዎች በየጊዜው በሩን ያንኳኳሉ፤ ጋሽ ሎምቤቦ «አልሞተም፣ ተኝቷል» ብለው ይመልሷቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ለእትዬ ኤርጎጌ ዊልቸር ሰጠቻቸው፤ እሳቸው ግን ከግቢ አልወጣም አሉ። «ሰው ከንፈር እንዲመጥልኝ?» ነበር ያሉት።

አንድ ዓመት በበዓሉ ቀን በእነሱ ሰፈር በኩል ስናልፍ ጋሽ ሎምቤቦ ብቻቸውን በራቸው ላይ ቆመው አየኋቸው። እጄን አወዛወዝኩላቸው፤ አላዩኝም። በማግስቱ ሱቄ መጡ፣ መቃኑን አንዴ መቱ፣ ተቀመጡ። 

«ትናንት ስታልፉ» አሉኝ፣ «ኤርጎጌ መስኮቱን ዝጋልኝ አለችኝ። ዘጋሁት። አሁንም ይሰማል። ሬዲዮውን ክፈትልኝ አለችኝ።»

«ዜና ፈልገው ነው?»

«እናንተን ላለመስማት ነው፣ ማርታ።»

 ፔዳሉን መርገጤን ተውኩ።

«ለሚቀጥለው መስኮት አታዘጋኝም» አሉ። «በእግሯ ካልሆነ በጎማ ትሄዳለች። አንቺ ለመሆኑ የመኪና ልብስ መስፋት ትችያለሽ?»

ሐሳቡ የተወለደው እንዲህ ነው። አሮጌውን ኤንትሬ አስጊጠው፣ መዘምራኑ ላዩ ላይ ቆመው እየዘመሩ የሚሄዱበት፣ ሲቆም ደግሞ የሚሰፋ መድረክ ሊያደርጉት። ለሰው ሁሉ «ለመዘምራኑ ነው» አሉ። ለእትዬ ኤርጎጌም የነገሯቸው ይህንኑ ነበር። ግን ይህ ሁሉ ለማን እንደሆነ እኔም፣ በያጁ ታምራትም እናውቅ ነበር። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ያዕቆብ መጀመሪያ ፈራ። ፕሮግራም የሚወድ ሰው ነው፤ ጸሎቱ እንኳ በደቂቃ ነው። «መሃል መንገድ ላይ ቢቆምብንስ ጋሽዬ?» አላቸው።

«እናንተም ትደክማላችሁ፣ እሱም ይደክማል» አሉት። «ሲደክመው እንዘምርለታለን።»

ሥራው ወራት ፈጀ። ዶሮዎቹ ከጋቢና ተፈናቀሉ። ታምራት ክብሪት በጥርሱ ነክሶ፣ እያወራ ይበይዳል፣ እየበየደ ያወራል። የጎኑን ስፖንዳ፣ ማለትም ጭነት እንዳይወርድ የሚደግፈውን የጎን መዝጊያ፣ በማጠፊያ አሠሩት፤ ሲዘረጋ ከወለሉ ጋር እኩል ሆኖ መድረኩን ያሰፋዋል። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ተነጠፈበት፤ ዙሪያው የብረት መደገፊያ ተበየደለት፤ ላዩ ላይ ጣሪያ ቆመ። ለሞንታርቦዎቹና ለጄኔሬተሩ ቦታ ተበጀ። ከመዘምራኑ አንዱ፣ ከወሎ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጎኑ ላይ ሐይቁንና ወፎቹን ሳለበት። ወፎቹ ዳክዬ መሰሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት፤ ጋሽ ሎምቤቦ ግን «ዳክዬም ይዘምራል» ብለው ልጁን አጽናኑት።

እኔ ሰማያዊና ነጭ ሳቲን ገዝቼ ለመኪናው ቀሚስ ሰፋሁለት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ወገብ ለክቼ አላውቅም። ወንድም ያዕቆብ ከኋላዬ እየተከተለ «ዝገት እንዳይታይ፣ እህት ማርታ፣ ዝገት እንዳይታይ» ይለኛል፤ እኔም የጋቢናውን ጎን ሳይቀር አለበስኩት።

እትዬ ኤርጎጌ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ያያሉ። ምላሳቸው ቢከብድም ትችታቸው አልከበደም። «ያ ብረት ጠሟል» ይላሉ። «ታምራት፣ ክብሪቱን ከአፍህ አውጣ፣ ትነዳለህ።»

ስህተት የሠሩት ጋሽ ሎምቤቦ ናቸው፤ ከፍቅር የመጣ ስህተት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያማል። ሥራው ሊያልቅ ሲል ከዲኮር ቤት የሙሽራ ወንበር ተከራይተው መጡ፤ ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ ጠርዙ የወርቅ ቀለም የተቀባ። መድረኩ መሃል፣ ከፍታ ላይ አስቀመጡት፤ በአንሶላ ሸፈኑት። ከዚያ እትዬ ኤርጎጌን በዊልቸር ወደ ግቢ አወጧቸውና አንሶላውን ገለጡ። ፊታቸው እንደ ልጅ ፈክቶ ነበር።

እትዬ ኤርጎጌ ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ያንቺ ነው። ከፊት የምትሄጂው አንቺ አይደለሽ?»

«ሎምቤቦ» አሉ፣ ቃላቸው እየተጎተተ፣ «በቆሎ ጭነህ ዞርክ። ብሎኬት ጭነህ ዞርክ። የቀረሁህ እኔ ነኝ?»

«ኤርጎጌ...»

«እኔ ጭነት አይደለሁም። ከተማው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ፣ ምስኪን፣ እንዲህ ሆና ቀረች እንዲለኝ? አስገባኝ።»

አስገቧቸው። ታምራት ክብሪቱን ከአፉ አወጣ። ጋሽ ሎምቤቦ ተመልሰው ወጥተው ወንበሩን በገዛ እጃቸው አወረዱት፣ አቧራውን ጠረጉት፣ ወደ ዲኮር ቤቱ መለሱት። ከዚያ በኋላ ለቀናት ሱቄ አልመጡም። በመጡ ቀን ደግሞ መቃኑን ሳይመቱ ነው የገቡት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደጎዳቸው የገባኝ። መኪናው አልቋል፤ መዘምራኑ ተደስተዋል፤ ሰፈሩ ተደስቷል። የተሠራላቸው ሰው ግን በዓሉ ሲደርስ መስኮት ሊያዘጉ ነው።

«አሁን ምን ይሻላል?» አልኳቸው።

«መንዳት ነው እንጂ ምን ይደረጋል» አሉ። 

የሙከራው ቀን ሁላችንም ግቢያቸው ተሰበሰብን። ጋሽ ሎምቤቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው መስታወቱ ሥር አስቀመጡ፤ ሁልጊዜ ሳይነዱ በፊት እንዲያ ያደርጋሉ። ሞተሩ ሲነሣ የአቮካዶው ቅጠል ረገፈ። ወደ ኋላ ከግቢው ሊያወጡት ነው። ታምራት ከኋላ ቆሞ «ና! ና! ና! ስበር! ቀኝ ስበር! ቁም! ኧረ ቁም!» ይላል፤ ጄኔሬተሩ ስለሚጮኽ የሚሰማው የለም። በስፖኪዮ እንዳያዩት ደግሞ ያ ለዝገቱ ብዬ ያለበስኩት ሳቲን ሁለቱንም መስታወቶች ጥርቅም አድርጎ ሸፍኗቸዋል። ኤንትሬው የጎረቤትየዋን የልብስ ማስጫ ገመድ ከነልብሱ ይዞ ወጣ፤ ከዚያ የበሩን ቋሚ ገፍቶ አስተኛው። የጎረቤትየዋ ባል የውስጥ ሱሪ ከሞንታርቦው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጋሽ ሎምቤቦ ሞተሩን፣ ታምራት ጄኔሬተሩን አጠፉ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ኤርጎጌ መስኮታቸው ላይ ሆነው ይስቃሉ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ፣ በደህናው እጃቸው የመስኮቱን ደፍ እየመቱ።

እኔ አፍሬ መቀሴን ይዤ ሮጥኩ። «ይቅርታ ጋሽዬ! አሁኑኑ መስታወቶቹን እገልጥልዎታለሁ!»

ጋሽ ሎምቤቦ ከጋቢናው ወረዱ። መቀሴን አዩ። የተሸፈነውን ስፖኪዮ አዩ። ከዚያ መስኮቱን አዩ።

«ተይው» አሉኝ።

«አያዩም እኮ!»

«ተይው አልኩሽ፣ ልጄ።»

ወደ መስኮቱ ቀስ ብለው ሄዱ። እትዬ ኤርጎጌ ሳቃቸውን እየዋጡ «ረዳት ብለህ ያቆምከው ይሄንን ነው?» አሏቸው። «አፉ ነው የሚሠራው፣ እጁ አይመታ! እኔ ብሆን እንኳን ገመድ መርፌ አላስረግጥህም ነበር።»

«ነያ ታዲያ» አሉ ጋሽ ሎምቤቦ።

«ምን ልሆን?»

«ረዳት። ረዳት አጣሁ። ስፖኪዮ የለኝም፣ ኋላዬን አላይም።»

እትዬ ኤርጎጌ ሳቃቸው ቆመ። ባላቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው፤ እየቀለዱ እንደሆነ፣ እያባበሉ እንደሆነ እየመረመሩ። እሳቸው የሚያባብሉ ሰው አልነበሩም፤ ፊታቸው ላይ የነበረውም የቸገረው ሾፌር ፊት ነው።

«ግራ እጄ አይሠራም።»

«መኪና የሚመታው በአንድ እጅ ነው።»

«ሞንታርቦው ይጮኻል፤ አትሰማኝም።»

«ጋቢናውን ከኋላዬ ምቺው። ጆሮዬ ባይሰማ ጀርባዬ ይሰማል።»

«ስመታ ትቆማለህ። ለምን አትለኝም።»

«ሾፌር ጠይቆ ያውቃል?»

እንደ እኔ የሚቸኩል ሰው መስታወቱን መግለጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው ይላል። ልክ ነው። ጋሽ ሎምቤቦም ያውቁ ነበር። ግን ያ ጨርቅ ካልተነሣ መኪናው በእርግጥ ረዳት ያስፈልገዋል፤ ለይስሙላ ቢሆን እትዬ ኤርጎጌ በአንድ እይታ ያውቁት ነበር። ጋሽ ሎምቤቦ ይህን ሁሉ ያሰቡት መቀሴን ባዩበት ቅጽበት ነው። እኔ ክር በመርፌ እስካስገባ እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጅብኛል።

በበዓሉ ቀን ታምራት ከኋላ የሠራትን መወጣጫ ዘረጋ፤ እትዬ ኤርጎጌ ማንም ሳይሸከማቸው በዊልቸራቸው ወጡ። የተቀመጡት ከጋቢናው ጋር የተጠጋች ዝቅ ያለች የእንጨት አግዳሚ ላይ ነው፣ ጀርባቸውን ለሾፌሩ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው። የመዘምራኑን ልብስ ሰፍቼላቸው ነበር፤ ግራ እጅጌው ያልታዘዘውን እጅ እንዲይዝላቸው ውስጡ ኪስ አበጀሁለት። ሁሉ ነገር ዝግጁ ሆነ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሁላችንም ጠበቅን። እትዬ ኤርጎጌ ግራ ቀኝ አዩ፣ ኋላ አዩ፣ «አንተ ባጃጅ፣ ፈቀቅ በል!» አሉ። ከዚያ በመዳፋቸው ላሜራውን ሁለቴ መቱት። ኤንትሬው ሄደ።

ብዙም ሳንርቅ አንዴ መቱ። ቆመ። አንዲት የቆርቆሮ በር ፊት ነው። ወንድም ያዕቆብ ሰዓቱን አይቶ ወደ ጋቢናው ሮጠ። «ጋሽዬ፣ ምነው? ፕሮግራም አለን እኮ!»

ጋሽ ሎምቤቦ ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው «ረዳቴን ጠይቅ» አሉት።

ዞሮ መጣ። እትዬ ኤርጎጌም «ትጠይቃለህ ወይስ ትዘምራለህ?» አሉት። ዘመርን። የቆርቆሮው በር ተከፈተና በምርኩዝ የተደገፉ አንዲት አሮጊት ወጡ፤ ድሮ ከእትዬ ኤርጎጌ ጎን ቆመው ይዘምሩ የነበሩ፣ ጉልበታቸው ስለታመመ ቤት የዋሉ። ሁለቱ ሴቶች አልተነጋገሩም፤ እጃቸውን ብቻ አነሡ። ከዚያ ሁለቴ ተመታ፣ ሄድን። እንዲህ እያልን ባህል አዳራሽን አለፍን፤ በየቦታው አንዴ ይመታል፣ እንቆማለን፣ አንድ ሰው ከአንድ በር ይወጣል። ወንድም ያዕቆብ ኋላ ላይ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ ስንደርስ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡን፤ ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ሳይቀሩ አንገታቸውን ቀብረው ከዳር ቆመው ያዩናል። አንድ ዓሣ ሻጭ ቆሮሶ ዓሣውን በእጁ እንደያዘ «እትዬ ኤርጎጌ! ሞተዋል ብለውኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ማን ነው ያለው? ስሙን ንገረኝ!» አሉት።

እዚያው ሐይቁ ዳር ስፖንዳው ተዘረጋ፣ መድረኩ ሰፋ፣ እትዬ ኤርጎጌ ዘመሩ። ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም። ቃሉ ከእኛ ወደ ኋላ እየቀረ ነው የሚመጣው። እኛ ጠበቅናቸው። ጋሽ ሎምቤቦ ከጋቢናው አልወረዱም፤ መሪው ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ሲያዳምጡ አይቻለሁ።

አመሻሹ ላይ አቮካዶው ሥር ተቀምጠን ያ ዓሣ ሻጭ የሰጠንን ዓሣ ስንበላ ጋሽ ሎምቤቦ ቀስ ብለው «አንድ ቦታ ብቻ ትመቺያለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር» አሉ።

«የት?»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ።»

የወፍጮ ቤቱን ታሪክ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ጋሽ ሎምቤቦ ገና የሰው ረዳት ሳሉ አዲስ ከተማ ወደነበረ አንድ ወፍጮ ቤት በቆሎ ያራግፉ ነበር። እትዬ ኤርጎጌ እህል ለማስፈጨት መጥተው አዩዋቸው። ወጣቱ ከራሱ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ስለነበር ሽማግሌ መስሏቸው «ጋሼ፣ ይቺን ያሸክሙኝ» አሏቸው። ትዳራቸው የተጀመረው እንዲህ ነው።

«በዚያ አለፍን እንዴ?» አሉ እትዬ ኤርጎጌ። «አላየሁትም እኮ!»

«ፈርሷል። አሁን መስታወት በመስታወት የሆነ የስልክ መሸጫ ነው።»

እትዬ ኤርጎጌ የያዙትን ዓሣ አስቀመጡ። ቤት በዋሉበት ጊዜ ነበር የፈረሰው። «ማን ነገረኝ? አንተስ ካየኸው ለምን አልቆምክም?»

«ሳይመታ?» አሉ ጋሽ ሎምቤቦ፣ በእርግጥ ተገርመው። «ቀስ ግን ብዬ ነበር።»

«ጎማ መስሎኝ!»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን እትዬ ኤርጎጌ ሳቁን ቶሎ ተዉት። «ለሚቀጥለው እመታልሃለሁ» አሉ።

«እሺ። እጠብቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ኤንትሬው ዝነኛ ሆነ። ለምርቃት፣ ለደም ልገሳ ቅስቀሳ፣ ለሰርግ ይጠራል። ጋሽ ሎምቤቦ «ከረዳቴ ጋር ከሆነ» ይላሉ፤ እትዬ ኤርጎጌ ደግሞ ጠሪውን ጠርተው፣ ፀባዩን መርምረው ነው የሚስማሙት። ቤት መዋል ቀረ፤ ከንፈር የሚመጥም ጠፋ። የወፍጮ ቤቱ መንገድ ግን ለአስፋልት ሥራ ተቆፍሮ ከርሞ በሌላ በኩል ነበር የሚዞሩት። የተከፈተው በቅርቡ ነው። በዓላችንም ደርሶ ነበር፤ እኔ ሳቲኑን አጥቤ፣ ተኩሼ አልብሼዋለሁ። ጋሽ ሎምቤቦ ግን አንድ ጠዋት ሳይነሡ ቀሩ፤ ልባቸው ነው ተባለ።

በቀብሩ ቀን ግቢያቸው ስደርስ የእድሩ ሰዎች የአስከሬን መኪና ስለመከራየት ይነጋገራሉ። እትዬ ኤርጎጌ ከዊልቸራቸው ሆነው «በራሱ መኪና ነው የሚሄደው» አሉ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። እኔ ተጠጋኋቸው።

«እትዬ፣ ሳቲኑ የደስታ ነው የሚመስለው። ላንሣው?»

«አትንኪው» አሉኝ። «እሱ ተይው ብሎሻል።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ያን ቀን መስኮቱ ላይ ሆነው ይህንንም ሰምተዋል ማለት ነው። ሰምተው፣ ሁሉንም አውቀው ነው ረዳት የሆኑት።

ሳጥኑን ያ ቀይ ወንበር ቆሞበት በነበረው ቦታ አሳረፍነው። ታምራት መሪውን ያዘ፤ መንዳት ያስተማሩት ጋሽ ሎምቤቦ ናቸው። ባርኔጣቸው አሁንም መስታወቱ ሥር ነበር፣ አላነሣውም። እትዬ ኤርጎጌ አግዳሚያቸው ላይ ተቀመጡ፣ ኋላቸውን አዩ፣ ሁለቴ መቱ። እየዘመርን ሄድን።

አዲሱ አስፋልት ላይ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አንዴ ተመታ።

ታምራት ቆመ። መስታወት በመስታወት የሆነ የስልክ መሸጫ ፊት ነው። በሩ ላይ ሙዚቃ ይጮኻል፤ ሻጩ ሳጥኑን ሲያይ ሮጦ ዘጋው። እኛም መዝሙሩን አቆምን። ፓስተሩ ግራ ገብቶት «ምን ተፈጠረ? ለምን ቆመ?» አለ። የመለሰለት ወንድም ያዕቆብ ነው። «ረዳቷ ናቸው የመቱት» አለው በሹክሹክታ፣ «አይጠየቅም።»

እትዬ ኤርጎጌ አንገታቸውን አዙረው ሕንጻውን አዩት። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞሩ።

«ይኸው» አሉ። «መታሁልህ።»

ከኋላችን ባጃጆች ተደርድረው ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የእትዬ ኤርጎጌ መዳፍ ላሜራው ላይ ነው። ሁሉም ሰው ቀጣዩን ምት ይጠብቃል፤ ደህናው እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ። ታምራት ሞተሩን አላጠፋም፣ አልነዳም። እኔ፣ ሁልጊዜ የምቸኩለው፣ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሜ ምንም አልቸኮልኩም። ጊዜያቸውን ይውሰዱ። ጋሽ ሎምቤቦም እትዬን ስንት ጊዜ ጠብቀዋቸዋል።

ከዚያ እትዬ ኤርጎጌ እጃቸውን አነሡና ሁለቴ መቱ።